ለዝቋላ ጉዞ ምን እንልበስ፣ ምን እንያዝ?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ። የ26 ዓመት ወጣት ስሆን በአዲስ አበባ በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ እሠራለሁ። የሰንበት ትምህርት ቤታችን የጉዞ ማኅበር ለጥቅምት 5 የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ክብረ በዓል ወደ ዝቋላ ጉዞ አዘጋጅቷል። ጥቅምት 4 ማለዳ በአውቶቡስ ተነሥተን ከተራራው ሥር ስንደርስ በእግራችን እንወጣለን፤ እዚያው አድረን፣ በማግሥቱ አስቀድሰን እንመለሳለን። እኔ ተራራ ወጥቼ አላውቅም። ኮሚቴው የነገረን “ነጭ ልብስ፣ ነጠላና ስንቅ ያዙ” ብሎ ብቻ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ታይትና ስኒከር ካላደረግሽ አትችዪውም ትለኛለች፤ እናቴ ደግሞ ለገዳም ሱሪ የሚባል ነገር አይታሰብም ብላ ተቆጥታለች። ጥሩ ስኒከር ገዝቻለሁ፤ እንዳይቆሽሽ ለዕለቱ ብዬ አስቀምጬዋለሁ። እናቴም አብራኝ ትሄዳለች። 58 ዓመቷ ነው፤ ስኳር ካገኛት ዘጠኝ ዓመት አልፏታል፤ ክኒን ትወስዳለች። ስእለት ስላለባት በባዶ እግሬ ነው የምወጣው ብላለች። እባክዎ ምን እንደምንለብስና ምን እንደምንይዝ ይምከሩን።

መልስ፦ ውድ እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የሱሪና የቀሚሱ ክርክር በቤታችሁ ሰፊ ቦታ እንደያዘ ይገባኛል፤ መፍትሔው ግን ከምታስቢው በላይ ቀላል ነው። በመጨረሻው መስመር ላይ ያሰፈርሽው የእናትሽ ነገር ከልብሱም፣ ከቦርሳውም፣ ከስንቁም የሚበልጥ በመሆኑ፣ እሱ ጋር ስደርስ ሰፋ አድርጌ እጽፍልሻለሁ።

አስቀድመን ስለ ተራራው እንነጋገር፤ ምን እንደሚለበስ የሚወስነው እሱ ነውና። ዝቋላ ጫፉ ላይ ሐይቅ የተኛበት የእሳተ ገሞራ ተራራ ሲሆን ከባሕር ወለል በላይ 2,989 ሜትር ከፍታ አለው። ከሥሩ ካለው ሜዳ ተነሥተሽ ጫፉ ላይ እስክትደርሺ 1,000 ሜትር ያህል ሽቅብ ትወጫለሽ ማለት ነው። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከስድስት ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ሜዳው ላይ ካለው ሰው ይልቅ አንቺ ሌሊቱን በእጅጉ በርዶሽ ታድሪያለሽ። የጥቅምት ሰማይ ደግሞ ክረምቱ አልፎ ደመናው የተገለጠ በመሆኑ፣ ቀን የሞቀው መሬት ፀሐይ እንደገባች ሙቀቱን ወዲያው ይለቃል። ቀኑን በፀሐይ እየተጠበሽና በላብ እየታጠብሽ ትወጫለሽ፤ ማታውን ሳትንቀሳቀሺ በብርድ ውስጥ ትቀመጫለሽ። አብዛኛው ተጓዥ የሚሳሳተው ለሁለቱም አንድ ልብስ ለብሶ በመሄዱ ነው።

እኔም በዚህ ስሕተት ውስጥ አልፌያለሁ። መጀመሪያ ዝቋላ የወጣሁት በአንቺ ዕድሜ ሳለሁ ነበር። ቦርሳዬ እንዳይሞላብኝ ብዬ ጋቢዬን በትከሻዬ ላይ ደርቤ ወጣሁ፤ ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ላብ አጠመቀኝ፤ ከላይ ስደርስ የጋቢው የጀርባ ክፍል ታጥቦ እንዳልተጨመቀ ልብስ ከብዶ ነበር። ጀንበር ጠለቀች፤ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ተነሣ፤ እኔም ያንኑ ርጥብ ጋቢ ተከናንቤ ለማኅሌቱ ተቀመጥሁ። ካህናቱ ሲያሸበሽቡ ከበሮው ይሰማኛል፤ የሚሉትን ግን ጥርሴ እየተንገጫገጨ አንድም ቃል መከተል አልቻልሁም። ለዚያ ሌሊት ብዬ ስንት ቀን ስዘጋጅ ቆይቼ ሐሳቤ ሁሉ መቼ ይነጋል የሚል ብቻ ሆነ። አጠገቤ የነበሩ አንዲት የማላውቃቸው እናት ሁኔታዬን አይተው ከዘንቢላቸው ውስጥ አንድ ፌስታል አወጡ። አፉ በክር ታስሮ ነበር፤ ክሩን በጥርሳቸው ፈቱትና ደረቅ ሹራብ ሰጡኝ። “ርጥቡን አውልቂው፣ ልጄ፤ ከላዩ ብትደርቢበትም አያሞቅሽም” አሉኝ። እኚያ እናት የለበሱት የላስቲክ ጫማ፣ የያዙት አሮጌ ዘንቢል ነበር፤ ይሁንና ከመካከላችን በትክክል ተዘጋጅተው የመጡት እሳቸው ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋቢ የሚያሞቀው አራት እጥፍ በሆነው ሸማ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው። ላብ ወይም ዝናብ ሲጠጣ ያ አየር በውኃ ይተካል፤ ውኃውም ከሰውነትሽ ሙቀት እየወሰደ ያበርድሻል። ጥጥ ደግሞ እንደ ስፖርት ልብስ ቶሎ አይደርቅም። ስለዚህ ጋቢሽን በፌስታል ጠቅልለሽ፣ አፉን አስረሽ፣ በቦርሳሽ ውስጥ ይዘሽ ውጪ እንጂ ለብሰሽ አትውጪ። ነጠላውም፣ የሐበሻ ቀሚሱም፣ ለሌሊት የምትለብሺው ሹራብም እንዲሁ ይደረጉ። ለመውጫው አንድ ልብስ፣ ለሌሊቱ ሌላ፣ ለቅዳሴው ሌላ ይኑርሽ፤ ቁጥራቸው ብዙ መሆን የለበትም፤ እያንዳንዱ ግን በየጊዜው ደረቅ ሆኖ ይጠብቅሽ።

አሁን ወደ ሱሪው ልምጣ። እናትሽ በልባቸው የያዙት በኦሪት ዘዳግም 22፥5 ሴት የወንድ ልብስ አትልበስ የሚለውን ቃል ሳይሆን አይቀርም፤ ከዚያም ባለፈ በገዳም ደጅ በጨዋ ልብስ መቆም የቆየ ሥርዓታችን ነውና ቁጣቸውን እንደ አክራሪነት አትቁጠሪው። ባልደረባሽም ብትሆን እሾህ፣ ድንጋይና ቁልቁለት አስባ ነው የተናገረችው። ሁለቱንም የሚያስማማው አለባበስ ሰፋ ያለ፣ ከቁርጭምጭሚት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ያለ ቀሚስ ለብሶ ከሥሩ ልል ሱሪ ወይም ወፍራም ታይት ማድረግ ነው። ቀሚሱ ሰፊ ይሁን የምልሽ፣ ጠባብ ቀሚስ ከፍ ወዳለ ድንጋይ እግርሽን ስታነሺ ስለሚይዝሽ ነው፤ አጠር ይበል የምልሽ ደግሞ ሽቅብ ስትወጪ ጠርዙን ራስሽ ስለምትረግጪው፣ ቁልቁል ስትወርጂ ከኋላሽ ያለው ሰው ስለሚረግጠው ነው። ከውስጥ ያለው ሱሪ ከእሾህና ከብርድ ይጠብቅሻል፤ ብትወድቂ ወይም ነፋስ ቢነሣም ገላሽ አይገለጥም። እናትሽም ይህን ሲያዩ ልባቸው እንደሚያርፍ አምናለሁ፤ በብርድ አገር ያሉ እናቶቻችን ከቀሚስ በታች ሱሪ መደረባቸው አዲስ ነገር አይደለምና።

ከላይ ቶሎ የሚደርቅ፣ እጀ ረጅም የስፖርት ሹራብ ወይም ስስ ቲሸርት ልበሺ። ኮሚቴው ገና ከተራራው ሥር ጀምሮ ሁሉም ነጭ ይልበስ ካለ፣ ነጭ ቲሸርትና አሮጌ ነጠላ ይበቁሻል፤ በጥልፍ ያጌጠው የሐበሻ ቀሚስሽ ግን በአቧራ መንገድ ላይ መጎተት የለበትም። እሱን ጥልፉን ወደ ውስጥ አጥፈሽ ለቅዳሴው አቆዪው። በመንገድ ላይ ጸጉርሽን በሻሽ እሰሪ፤ በትከሻ ላይ የተጣለ ነጠላ በየቁጥቋጦው እየተያዘ ያስቸግርሻል፤ ላይ ደርሰሽ ላብሽን ጠርገሽ ስትቀይሪ መስቀለኛ አድርገሽ ትለብሺዋለሽ። ከሻሹ በላይ ሰፊ ባርኔጣ ብታደርጊ መልካም ነው፤ የደጋ ፀሐይ አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ፊት ያቃጥላል።

ሌሊቱን ስትቀመጪ ከውስጥ ደረቅ ቲሸርት፣ ከዚያ ሹራብ፣ ከዚያ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ ከሁሉም በላይ ጋቢሽን አድርጊ። ከነጠላሽ ሥር የሱፍ ኮፍያ ብታደርጊ ማንም አያይብሽም፤ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። ብዙዎች የሚዘነጉት ከታች የሚመጣውን ብርድ ነው። ጋቢውን መሬት ላይ አንጥፈሽ ብትቀመጪበት በአንድ ሰዓት ውስጥ የመሬቱን ርጥበት ይጠጣል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላስቲክ ወይም ሸራ፣ ከዚያ በላይ ሰሌን ወይም የታጠፈ ካርቶን አድርጊና ጋቢውን ለሰውነትሽ ተጠቀሚበት። ደረቅ ወፍራም ካልሲ ለሌሊቱ ብቻ ተብሎ በተለየ ፌስታል ይቀመጥ፤ በቤተ ክርስቲያን ጫማ ስለሚወለቅ ቀዝቃዛው ወለል ላይ ለሰዓታት የሚቆመው እግርሽ ያመሰግንሻል።

አዲሱን ስኒከር ለዕለቱ ብለሽ ማስቀመጥሽ አሳስቦኛል። አዲስ ልብስ ለበዓል ማቆየት ያማረ ልማድ ነው፤ ጫማ ግን ከእግር ጋር ሳይለማመድ ተራራ ከወጣ ተረከዝን ይልጣል። ከነገ ጀምሮ ወደ ሥራ ስትሄጂ አድርጊው፤ በመሥሪያ ቤታችሁ ሊፍት ካለም ትተሽ በደረጃ ውጪ። ጉዞው የሚደረግበትን ወፍራም ካልሲ አድርገሽ፣ እግር ትንሽ ሲያብጥ ማለትም ከሰዓት በኋላ ሞክሪው፤ ከአውራ ጣትሽ ፊት የጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ከሌለ፣ ስትወርጂ ጣቶችሽ ከጫማው አፍንጫ ጋር እየተጋጩ ጥፍርሽ ይጠቁራል። ጥፍርሽን ከጉዞው ሦስትና አራት ቀን ቀደም ብለሽ ቀጥ አድርገሽ ቁረጪ። የጫማውን ሶል ገልብጠሽ ተመልከቺ፤ ለስላሳ ከሆነ ክረምቱ ያራሰው የተራራው ጥላማ ክፍል ላይ ያንሸራትትሻል፤ ጥርስ ያለው አሮጌ ጫማ ካለሽ ከአዲሱ ለስላሳ ይሻላል። ተረከዝሽ መሞቅ ሲጀምር፣ ውኃ ሳይቋጥር ገና፣ አረፍ ብለሽ ፕላስተር ለጥፊበት፤ ሰልፉን አላቆምም ብለሽ ከታገሥሽ በማግሥቱ መውረጃው ይከብድሻል። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጫማሽን ስታወልቂ ከመቶዎች ጫማ መካከል ትተሽ አትግቢ፤ በፌስታል አድርገሽ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢው።

አሁን ወደ እናትሽ እመለሳለሁ፤ ይህን ክፍል ከእሳቸው ጋር ሆናችሁ እንድታነቡት እለምንሻለሁ። ስኳር ለዓመታት የቆየበት ሰው የእግሩ ነርቭ ሊጎዳ ይችላል፤ ሲጎዳም እሾህ ሲወጋው ወይም ድንጋይ ሲቆርጠው ሕመሙ አይሰማውም። ወደ እግሩ የሚደርሰው ደምም ስለሚቀንስ ቁስሉ በቶሎ አይሽርም፤ ይመረቅዛል፤ እግርን እስከ ማስቆረጥ የሚያደርስ ጊዜም አለ። ሌላ ሰው በባዶ እግሩ ሲወጣ የሚከፍለው ዋጋ ሕመም ነው፤ ሕመሙም እግሩን እንዲያነሣ፣ እሾሁን እንዲነቅል ያስጠነቅቀዋል። ለእናትሽ ግን ማስጠንቀቂያው ራሱ ላይኖር ይችላል። ደማቸው እየፈሰሰ ተራራውን ጨርሰው ሊወጡ፣ ቁስሉንም ሁለት ቀን ቆይተው ሊያዩት ይችላሉ። ስለዚህ በእኔ በኩል መልሴ ቁርጥ ያለ ነው፤ እናትሽ በባዶ እግራቸው መውጣት የለባቸውም።

ይሁን እንጂ ስእለት ስእለት ነውና፣ እኔም ሆንሁ አንቺ በቃል ልንሽረው አንችልም። ይህን የማድረግ ሥልጣን ያላቸው የንስሐ አባታቸው ናቸው። ሳትጨቃጨቂ፣ “እማዬ፣ ከንስሐ አባትሽ ጋር ሄደን እንማከር” በያቸውና በሽታቸውን ሳይደብቁ እንዲነግሯቸው አድርጊ። ካህኑ ስእለቱን ጤናቸውን በማይጎዳ ሌላ ነገር ቢለውጡላቸው፣ ለምሳሌ በጧፍ፣ በዕጣን፣ በዘቢብ ወይም ለነዳያን በሚሰጥ ምጽዋት፣ ልባቸው በእኔ ምክር ከሚያርፈው በላይ ያርፋል። ደግሞም እናትሽ ከባዶ እግር ፈጽሞ አይጎድሉም፤ ሙሴ “የቆምህባት ስፍራ የተቀደሰች ምድር ናትና ጫማህን ከእግርህ አውጣ” የተባለው በቅዱሱ ስፍራ ሲደርስ ነበር፤ በቤተ መቅደሱም ደጅ ሁላችሁም እኩል ጫማችሁን ታወልቃላችሁ። እዚያም ንጹሕ ካልሲ ያድርጉ፤ ነጭ ካልሲ ቢሆን ደም ቢነካው ወዲያው ይታያል።

ሁለተኛው ጉዳይ ክኒኑና ጾሙ ናቸው። ከጉዞው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ሐኪማቸውን እዩ፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ስም አሳይታችሁ ረጅም ሰዓት ሳይበሉ ተራራ እንደሚወጡ ንገሩ። አንዳንዱ የስኳር ክኒን ሰው ሳይበላ ብዙ ሲደክም የደሙን ስኳር ከመጠን በላይ ያወርደዋል። ምልክቱ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ የንግግር መወላገድና ግራ መጋባት ነው፤ ሽቅብ በሚወጣ ሰው ላይ ደግሞ ይህ ሁሉ ተራ ድካም ስለሚመስል በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ ስኳር፣ ከረሜላ ወይም ጁስ ከቦርሳሽ ሥር ሳይሆን በኪስሽ ይኑር፤ ምልክቱን ካየሽ ሰዓቱ የጾምም ቢሆን ወዲያው ስጫቸው። የታመመ ሰው በጾም ስለሚገደድበትና ስለማይገደድበት ነገር ከካህኑ ጋር ስትነጋገሩ ይህንንም አንሡ፤ ለመቁረብ ካሰቡ ደግሞ የክኒኑን ሰዓት ከሐኪሙም ከካህኑም ጋር አስቀድማችሁ ጨርሱ። ክኒኑን ለሁለት ከፍለሽ ግማሹን አንቺ፣ ግማሹን እሳቸው ያዙ፤ አንዱ ቦርሳ ቢጠፋ ሌላው አለ። ከጎናቸው የሚሄድ አንድ የማኅበሩ አባል ሕመማቸውን ይወቅ። ሐኪሙ መውጣቱ ይከብዳቸዋል ካለ፣ ሕሙማንንና አረጋውያንን በመኪና የሚያደርሱበት መንገድ እንዳለ ኮሚቴውን ጠይቂ፤ በመኪና መውጣት በረከት አያስቀርም።

ቦርሳውን በተመለከተ፣ በሁለት ትከሻ የሚታዘል ይሁን፤ በአንድ እጅ የሚንጠለጠል ሻንጣ ወይም ዘንቢል ቁልቁለት ላይ ሚዛን ያስታል። ጠቅላላ ክብደቱ ከስድስት ኪሎ ባይበልጥ እመርጣለሁ፤ ጋቢውና ውኃው ብቻቸውን ከዚህ ሰፊውን ይወስዳሉ። ሞልተሽ ከጨረስሽ በኋላ አዝለሽው የቤታችሁን ደረጃ ወይም የሰፈራችሁን ዳገት ለግማሽ ሰዓት ውጪበት፤ ከዚያ ተመልሰሽ ሦስት ነገር ታወጪያለሽ። ከሥር የቅዳሴው ልብስ፣ ከሱ በላይ የሌሊቱ፣ ከጀርባሽ በኩል ውኃው፣ ከላይ በቀላሉ የሚገኘው ስንቅ፣ ፕላስተርና የዝናብ ላስቲክ ይደርደር። የእጅ ባትሪ አትርሺ፤ በሌሊት ወደ መጸዳጃ መሄድ አለና፣ ስልክሽን ለመብራት ከተጠቀምሽበት ባትሪው ለመገናኛ አይተርፍሽም። ሶፍት፣ መቀየሪያ የውስጥ ልብስ፣ ባዶ ፌስታል ለቆሻሻ፣ ዝርዝር ብር በየመንገዱ ለተቀመጡ ነዳያን ያዢ። ለጠበል የሚሆን ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስም አንድ ይበቃል፤ ስትወርጂ ውኃ ተሸካሚ እንዳትሆኚ።

ጌጣጌጥ ቤት ይቅር። የከንፈር ቀለምም እንዲሁ፤ መስቀል ስትሳለሚ በመስቀሉ ላይ፣ ሥዕል ስትሳለሚ በሥዕሉ ላይ ይቀራል፤ ከኋላሽ ያለውም ምእመን የሚሳለመው ያንኑ ነው። ሽቶውንም ተዪው፤ በጸሎት የሚኖሩ አባቶችና እናቶች ባሉበት ቦታ ነሽ።

ደብዳቤሽ ያላነሣውን ነገር ግን ብዙ እኅቶች በምሥጢር የሚጠይቁኝን አንድ ጉዳይ ልጨምር። የወር አበባሽ በዚያ ሳምንት የሚመጣ ከሆነ ከጉዞው አትቅሪ። ወደ ቤተ መቅደሱ ባትገቢም በቅጥሩ ውጭ ቆመሽ ማስቀደስና መጸለይ ትችያለሽ፤ ብቻሽንም አትሆኚም። ከሚያስፈልግሽ በላይ ሞዴስ ያዢ፤ ቀኑ ላልደረሰ ሌላ እኅትም ይሆናል፤ ጉዞና ድካም ቀኑን ሊያፋልሱ ይችላሉና። የተጠቀምሽበትን በፌስታል አስረሽ ወደ ከተማ መልሺው እንጂ በገዳሙ ደን ውስጥ አትጣዪው። ለእናትሽ ወይም ለአንዲት ታላቅ እኅት አስቀድመሽ ንገሪ፤ በሰው መካከል ለማስረዳት ከመጨነቅ ይጠብቅሻል።

ስንቁ ቀላል ነው። ደረቅ፣ የማይበላሽ፣ እጅ የማያቆሽሽ ይሁን፤ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶና ብርቱካን ይበቃሉ። በዓሉ ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ከዋለ ጭኮው ቤት ይቅር፤ በሌላው የጻድቁ በዓል በመጋቢት 5 ለሚሄዱ ደግሞ ዕለቱ በዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። ውኃ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ይያዝ፤ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ሳትበይ መውረድ አትጀምሪ፤ ጉልበት የሚከዳው ብዙውን ጊዜ በመውረጃው ላይ ነው።

የማኅበር ጉዞ ችግሩ ሁሉም ሰው ሌላው ይዞት ይመጣል ብሎ ማሰቡ ነው። ኮሚቴው “ነጭ ልብስ፣ ነጠላና ስንቅ” ብሎ ከማለፍ ይልቅ በስም ቢያከፋፍል ምን ያህል ይቀል ነበር፤ ለአምስት ሰው አንድ ሸራ፣ ለአሥር ሰው አንድ የመጀመሪያ እርዳታ መስጫ፣ ከበሮውን በተራ የሚሸከሙ ወንድሞች። አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽና ይህን ዝርዝር ጽፈሽ ብታቀርቢላቸው በደስታ የሚቀበሉሽ ይመስለኛል። ሁሉም ሰው ስሙንና የቅርብ ሰው ስልክ የተጻፈበት ወረቀት በኪሱ ይያዝ፤ በብዙ ሕዝብ መካከል ለሚጠፋፋ ሰውም የመገናኛ ቦታ አስቀድሞ ይነገር። በመጋቢት 2004 የገዳሙ ደን በእሳት ተያይዞ ምእመናን ተራራውን እየወጡ ሲያጠፉት እንደነበር አስታውሺ፤ ጧፍና ክብሪት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ በጽዱና በአስታው ዛፍ መካከል አይለኮስ፤ ሻይ ለማፍላት ብሎ ድንጋይ የሚጎልት ካለም በፍቅር ይከልከል። በየካቲት 2016 የገዳሙ አባቶች መገደላቸውንም ሁላችን በኀዘን ሰምተናል፤ ስለዚህ ኮሚቴው ከመነሣቱ በፊት ከገዳሙና ከአካባቢው ጸጥታ አካላት ጋር መነጋገሩን ጠይቂ፤ በመንገድም ከማኅበሩ ተለይታችሁ አትሂዱ።

ስለ ልብስ ሲነሣ ዝቋላ ላይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። በየቤተ ክርስቲያኑ የሚሣለው የጻድቁ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል ልብስ የለበትም፤ ገላቸውን ጠጉራቸው ሸፍኖት፣ አንበሶችና ነብሮች ከበዋቸው ቆመው እናያቸዋለን። አንዳንድ ወጣት ይህን አይቶ “እኛስ ስለ ጃኬት ለምን እንጨነቃለን?” ይላል። የእሳቸው የጸጋ ነው፤ የእኛ ሰውነት ግን ብርድ ሲይዘው ጸሎቱን ትቶ ስለ ብርዱ ብቻ ያስባል፤ እኔም በዚያ ሌሊት የሆንሁት ይህንኑ ነበር።

ስትወርዱ የጫማሽን ክር ከመውጫው ጊዜ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪ፤ ጉልበትሽን በትንሹ አጠፍ አድርገሽ በአጭር እርምጃ ውረጂ፤ ለእናትሽ ዱላ ይኑራቸው። በአውቶቡሱ ውስጥ ለሁለታችሁም አንድ አንድ ደረቅ ልብስ ትታችሁ ሂዱ። ማታ ቤት ስትገቡ፣ ምንም ያህል ቢደክምሽ፣ የእናትሽን እግር አንቺ ራስሽ እጠቢላቸው። ውኃውን አስቀድመሽ በክንድሽ ለኪው፤ ትኩስ ቢሆን እሳቸው ላይሰማቸው ይችላል። ብዙ አትዘፍዝፊው፤ በጣቶቻቸው መካከል ያለውን በደረቅ ጨርቅ አድርቂ፤ ከዚያ መብራት ወዳለበት አቅርበሽ ውስጥ እግራቸውንና ተረከዛቸውን በደንብ ተመልከቺ፤ ትንሽ ጭረት እንኳ ብታገኚ በነጋታው ሐኪም ይየው።